የቬስፓዋ ሒሳብ

(በቀድሞ ተመራቂዎች ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



ማኅበሩ ደውሎ «የሃያ ደቂቃ ንግግር ታደርግልናለህ» ሲለኝ ስለ በጀት አያያዝ እንድናገር የተፈለገ መስሎኝ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማርኩት የወጪ ሒሳብ ነውና ወረቀቴን ማዘጋጀት ሁሉ ጀምሬ ነበር። በኋላ ነው «የለም፣ ስለ ሥራህ አይደለም፤ ከሥራ ውጭ ስለምታደርገው ነገር ንገረን» የተባልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ኳስ አልጫወትም፣ አትክልት አልኮተኩትም። ከሥራ ውጭ አደረግኩት የምለው ነገር አንድ ብቻ ነው። ስትገቡ በሩ አጠገብ ቆማ ያያችኋት ሰማያዊ ቬስፓ እሷ ናት። ግማሿ የኔ ነው። የሌላው ግማሽ ባለቤት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፦ «ቁጥሩን እንዳታሳንስ»።

የ1987 ዓ.ም. ተመራቂዎች ታስታውሱ ይሆናል። በኛ ጊዜ አንድ የሒሳብ መምህር በቬስፓ ይመላለሱ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ከዋናው በር ጀምሮ ድምፅዋ ይሰማል፤ ግማሹ ዶርም ከአልጋው የሚወርደው በዚያ ድምፅ ነበር። ከጽዱ ሥር አቁመዋት ሲገቡ እኛ ደግሞ ዙሪያዋን እንዞራለን። ዶርም ውስጥ እኔን «ሒሳብ»፣ ከላይኛው አልጋ የሚተኛውን የጂኦግራፊ ተማሪ ደግሞ «ካርታ» ይሉን ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ተኝተን ስናወራ፣ ሥራ ስንይዝ መጀመሪያ የምንገዛው ቬስፓ ነው፣ የምንገዛውም በጋራ ነው ተባባልን። ከዚያ ተመረቅን። ሥራ መጣ፣ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ዕቁብ መጣ፣ የቤት ክፍያ መጣ። ቬስፓዋ ግን አልመጣችም።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ካርታ ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «አገኘኋት» ብቻ ነው ያለኝ። ምኗን ብዬ አልጠየቅኩትም።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ዕቃዋ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ወጪው ሁሉ የሚመጣው ከአሠራሯ ነው። ቬስፓ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። ፒያጆ የተባለው ኩባንያ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ይሠራ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያልቅ በ1946 እ.ኤ.አ. ይችን አወጣ። የነደፏት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበሩ፤ ሞተር ሳይክል አይወዱም ነበር ይባላል። ስለዚህ ሰንሰለት የላትም። ሞተሯ ከኋላው ጎማ ጎን ተሸፍኖ ነው የተቀመጠው። የፊት ጎማዋ እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ጎን ብቻ ነው የተያዘው። ከሁሉም በላይ፣ እንደ ሌላው ሞተር ሳይክል የቧንቧ አጽም የላትም፤ የምታዩት ላሜራ ራሱ አጽሟ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ብዙ ብር ታስከፍለናለች።

የኛዋ ስፕሪንት የምትባለዋ ባለ 150 ናት፤ ፒያጆ ከ1965 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. የሠራት ዓይነት። ያገኘናት ኮልፌ፣ አንድ ግቢ ጓሮ ውስጥ፣ ሸራ ተደርጎባት ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ሲገደብ ባለቤቷ ያኔ አቁሟት፣ ቤንዚን ከነሰልባትዮዋ እንደያዘች ቀርታለች። ሸራው ሲገለጥ ሁለታችንም ዝም አልን። ደላላው ፊታችንን አየና በልቡ አሥር ሺህ ብር የጨመረ ይመስለኛል። 120 ሺህ ብሎ ጀመረ፣ በ85 ሺህ ተስማማን። ለያንዳንዳችን 42,500 መሆኑ ነው።

በዚያው ቀን ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ብለን በጀት አወጣን። ግዢ 85 ሺህ፣ ጥገና 50 ሺህ፣ መጠባበቂያ 15 ሺህ፤ በድምሩ 150 ሺህ ብር። አንድ ነገር ግን አልጻፍንም። ገንዘቡ ቢያልፍ ማን ይጨምራል? አንዳችን ብቻችንን ዕቃ መግዛት እንችላለን ወይ? አንዱ ቢሰለች ምን ይሆናል? ካርታ ትንሽ አንስቶት ነበር። እኔ ነኝ፣ የወጪ ሒሳብ መምህሩ፣ «በኛ መሃል ወረቀት?» ብዬ የሳቅኩት።

አሁን ያላየነውን ልንገራችሁ። ማግኔት ይዘን አልሄድንም። አሮጌ ሞተር ወይም መኪና የምትገዙ ሰዎች፣ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ላሜራው ላይ ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ ሥሩ ያለው ስቱኮ ነው። ተንበርክከን ወለሏን ከሥር አላየንም። የቻሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አላመሳከርንም። የሞተሩን ቁጥር ጭራሽ አላነበብንም። ያደረግነው ነገር ቢኖር ጥሩምባዋን ተጭነን መሣቅ ነው።

መጀመሪያ የተወሰደችው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ ባትላሜራ ጋ ነው። ሰውዬው አሮጌውን ቀለም መፋቅ ሲጀምር የጎኗ ስቱኮ እንደ አውራ ጣት ወፍሮ እየተሰበረ ወደቀ። ወለሏ ደግሞ የባሰ ነበር። እግር የሚያርፍበት ቦታ በዝቶ፣ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ቁራጭ በሪቬት ተመትቶበታል፤ የዘይቱ ስም እንኳ ከሥሩ ይነበባል። ላሜራው አጽሟ ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በሌላ ሞተር ላይ ወለል ቢበሰብስ ወለል ትቀይራላችሁ፤ በቬስፓ ላይ ወለሉ ከላላ መሪዋና የኋላ ጎማዋ መሥመራቸውን ይስታሉ። ወለሏ ተቆርጦ በወፍራም ላሜራ እንደ አዲስ ተሠራ፣ ሁለቱ ጎማዎች በገመድ ተለክተው ተስተካከሉ፣ ከዚያ ብየዳ፣ ከዚያ ፀረ ዝገት፣ ከዚያ ቀለም። ለጥገና ሁሉ 50 ሺህ ይዘን ነበር፤ ላሜራና ቀለሙ ብቻ 62 ሺህ ወሰደ። ገና ሞተሩን አልነካንም።

ሊብሬውም የራሱን ያህል አደከመን። ቻሲዋ ላይ 3 የሆነው ቁጥር ሊብሬው ላይ 8 ተብሎ ተጽፏል። ምናልባት ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ጸሐፊ ዝገት ላይ ያለ ቁጥር ሲያነብ ተሳስቶ ይሆናል። ያን አንድ ቁጥር ለማስተካከል አራት ወር ፈጀ፤ ደብዳቤ፣ ምርመራ፣ እንደገና ደብዳቤ። በየመስኮቱ የቆመው ካርታ ነው። እኔ ክፍለ ጊዜ ነበረብኝ።

ሞተሩን የወሰድነው ጋሼ ጋ ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለነገሩኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፣ ሙያውን የተማሩት ከጣሊያኖች ጋራዥ ከወጡ ሰዎች ነው። ሞተሩን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረጉና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ቁጥሩን አነበቡ። «ልጆቼ፣ ይቺ ቬስፓ ናት። ሞተሩ ግን ባጃጅ ነው» አሉ።

ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ መስላን ደነገጥን። ነገሩ እንዲህ ነው። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከፒያጆ ፈቃድ ይዞ ቬስፓን ሕንድ ውስጥ ይሠራ ነበር። ፈቃዱ በ1971 ሲያበቃ በስፕሪንት ላይ ተመሥርቶ ቼታክ የሚባል የራሱን ስኩተር አወጣ። ያው ኩባንያ ነው ዛሬ በየሰፈራችን የምንሳፈርባትን ባለ ሦስት እግር የሚሠራው። እንግዲህ በር ላይ የቆመችው ቬስፓና እናንተን አስፋልት ድረስ ያደረሰቻችሁ ባጃጅ የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ብዙ ዕቃቸውም ይገጥማል፤ ለዚህ ነው አንድ ቀን አንድ ሰው የጣሊያኑን ሞተር አውጥቶ የቼታክን የከተተባት።

እዚህ ላይ ነው እኔና ካርታ የተለያየነው። እሱ «እውነተኛዋን ነው የምንፈልገው፤ የራሷን ሞተር እንፈልግላት» አለ። እኔ ደግሞ «ይሠራል እኮ! ለምን ሌላ ወጪ?» አልኩ። ጋሼ መሃል ገብተው «የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ ግን ሞተሩ ይከፈት፣ ፓራዮልዮው ይቀየር፤ ቆሞ የከረመ ነው» አሉ። ፓራዮልዮ ማለት በክራንኩ ሁለት ጫፍ ላይ ያለች የጎማ ቀለበት ናት። በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ይቺ ቀለበት ስትደርቅ ሞተሩ በጎን አየር ይስባል፤ አየር ሲበዛ ቤንዚኑ ይቀጥናል፣ ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይትም ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፤ መጨረሻ ላይ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። ይህን ሁሉ ጋሼ አስረድተውኛል። እኔ ግን ሞተሩን ሙሉ በሙሉ መክፈት ብዙ ብር መሆኑን ሰማሁና «ፒስተኑንና ፋሻውን ብቻ እንቀይር» ብዬ ወሰንኩ። 18 ሺህ ብር ወጣ። ቆጠብኩ ብዬ ደስ አለኝ።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ካርታ እየነዳት ሳለ ሞተሩ ነክሶ ቆመ። ሞተር ሲነክስ የኋላ ጎማው አብሮ ይቆለፋል። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ስለያዘ ነው ከባድ ነገር ያልደረሰበት፤ ቢሆንም ወደቀ፣ ጉልበቱ ላይ ሦስት ቦታ ተሰፋ። ሐኪም ቤት ስደርስ «ደህና ነኝ» አለኝ። እኔም ደህና ነው ብዬ ያዝኩት።

ከሁለት ወር በኋላ ካርታ ለኔ ሳይነግረኝ የስፕሪንት ኦሪጅናል ሞተር በ70 ሺህ ብር ገዛ። ጋሼ ጋ ተጠራሁና ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ጠበቀኝ። ጋሼ በጣታቸው አንድ ቦታ አሳዩኝ። በዚህ ሞተር ላይ ቤንዚንና አየር የሚገባበትን ቀዳዳ የሚከፍተውና የሚዘጋው ራሱ ክራንኩ ነው፤ የካርተሩን ግድግዳ ሊነካ ምንም ሳይቀረው እየተሽከረከረ ያልፋል። ክፍተቱ ከፀጉር አይበልጥም። የገዛነው ሞተር ያ ቦታው ተቧጥጧል፤ አንድ ጊዜ ኩሽኔታ ተሰብሮበት ብረት በመሃል አልፏል። በዚያ ሁኔታ ሞተሩ አይነሳም፣ ቢነሳም ጉልበት የለውም።

ካርታ «ግማሹን፣ 35 ሺህ ትሰጠኛለህ» አለኝ። «ሳትጠይቀኝ ለገዛኸው ብረት አንዲት ሳንቲም አልከፍልም» አልኩት። ጋሼ ፊት ነው። እሱ ስለ ጉልበቱ አላነሳም። ስለ 18 ሺሁም አላነሳም። «አንተ የማይቆጠር ነገር አይታይህም» ብሎኝ ወጣ። ጥር 2015 ነበር። ከዚያ ለ14 ወር አልተነጋገርንም። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ሳንደዋወል ሁለት ሳምንት አልፎን የማያውቅ ሰዎች ነን።

ቬስፓዋ ጋሼ ጋራዥ ጥግ ላይ ላስቲክ ለብሳ ቆመች። አንድ ሰው እንዳለች በ60 ሺህ ልግዛት አለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ተማሪዎቼ የሰመጠ ወጪ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በየዓመቱ በአራተኛው ሳምንት አስተምረዋለሁ። የወጣ ገንዘብ ወጥቷል፤ ውሳኔ የሚወሰነው ከዛሬ ወዲያ በሚወጣውና በሚገኘው ብቻ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት ቬስፓዋ ያን ቀን መሸጥ ነበረባት። አልሸጥኩም። በዚያው ዓመት ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እርስዎ እንዲህ ዓይነት ስህተት ሠርተው ያውቃሉ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። ዋሽቻት ነው። ዛሬ እዚህ ካለሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ለምን አልሸጥኩም? ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ብሸጣት ግማሹን ብር ላደርስለት ቤቱ መሄድ ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የምንገናኝበት ምክንያት አይኖርም። ሳይሸጥ ሲቀር ግን አንድ ያላለቀ ጉዳይ በመሃላችን አለ። ይህን በየትኛው የሒሳብ መደብ እንደምመዘግበው እስካሁን አላወቅኩም።

በመጋቢት 2016 የካርታ እናት አረፉ። እኛ ተማሪ ሳለን በየወሩ በሶና ቆሎ የሚልኩልን እናት ናቸው፤ ግማሹ ዶርም የበላው የሳቸውን ነው። ለቅሶ ሄድኩ። ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጥኩ፣ በማግስቱም ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሲቀልል ካርታ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ብዙ ዝም አልን። በኋላ «ጋሼ ጋ ሄደህ ታውቃለህ?» አለኝ። «አልሄድኩም» አልኩት። «ሂድና እያት» አለኝ፤ ሌላ ምንም አልተባባልንም።

ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ሒሳቡን አጠናቅሬ እኔ ትክክል መሆኔን ላሳየው ነበር ሐሳቤ። ጋሼ ከመሳቢያቸው የተማሪ ደብተር አወጡ። ማን መቼ እንደመጣ፣ ምን እንዳመጣ፣ ስንት እንዳወጣ በእርሳስ ይጽፋሉ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ከኅዳር 2014 እስከ ጥር 2015 እኔ የመጣሁት 9 ጊዜ ነው። ካርታ 41 ጊዜ። ከሶማሌ ተራ ኩሽኔታ፣ ከምናለሽ ተራ የፍሬን ሽቦ፣ ከሌላ ቦታ ፓራፋንጎ፤ ሁሉም ከነዋጋው። በድምሩ 23,400 ብር፤ አንዱንም ከኔ አልጠየቀኝም። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የኔን ወጪ ብቻ ነበር በጥሩ ሁኔታ መዝግቤ የያዝኩት።

ከአርባው በኋላ ብሩን ይዤለት ሄድኩ። የሞተሩ ግማሽ 35 ሺህ፣ የዕቃዎቹ ግማሽ 11,700፣ በድምሩ 46,700። እምቢ ይለኛል ብዬ ነበር። ቆጥሮ ነው የተቀበለኝ። ሁለት ጊዜ ነው የቆጠረው። ከዚያ «ቡና ጠጣ» አለኝ።

ቀሪውን ባጭሩ ልጨርስ። የተቧጠጠው ካርተር በአልሙኒየም ብየዳ ተሞልቶ ቶርኖ ቤት በጥንቃቄ ተስተካከለ። ከባጃጁ ሞተር ማርሹንና ፍሪሲዮኑን ወሰድን፤ ገጠሙ። ክራንክ፣ ፓራዮልዮና ጓርኒሲዮን ግን ከውጭ ማዘዝ ነበረብን። ልናዝ ስንል ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዕቃውን በሻንጣ ያመጣልን ዋሽንግተን የሚኖር የዶርማችን ልጅ ነው፤ ጉምሩክ ላይ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉት «የተማሪነት ዕዳ» ብሎ መለሰ አሉ። እዚህ የለም፣ ቪዲዮውን ሲያይ ግን ሰላም እንድለው ቃል ገብቻለሁ።

በጥር 2017 ተነሳች። ጋሼ ጂግለሯን አንድ ቁጥር አሳንሰው ነው ያስገቡት፤ ፋብሪካው የለካው ለባሕር ጠረፍ አየር ነው፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑም መቀነስ አለበት። ቤንዚኗ ላይ በሊትር 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨመራል፤ ከዚያ ቢያንስ ትነክሳለች፣ ቢበዛ ሠፈሩን ታጨሳለች። መብራቷ ባለ 6 ቮልት ነው፤ ነዳጅ ስትሰጧት ይበራል፣ መስቀለኛ ላይ ስትቆሙ እንደ ኩራዝ ይደክማል። ማታ አንነዳትም።

አሁን ቁጥሩ፤ ሳላሳንስ። ግዢ 85 ሺህ። ላሜራና ቀለም 62 ሺህ። የባጃጁ ሞተር ጥገና 18 ሺህ። ሁለተኛው ሞተር 70 ሺህ። ብየዳ፣ ቶርኖና ከውጭ የመጣ ዕቃ 54 ሺህ። ጎማ፣ ሽቦ፣ ወንበርና ልዩ ልዩ ዕቃ፣ የካርታንም ጨምሮ፣ 31 ሺህ። ሊብሬ፣ ማስጫኛና የጋራዥ ቦታ ኪራይ 12 ሺህ። ድምር 332 ሺህ ብር። ከበጀታችን ከእጥፍ በላይ ነው። ዛሬ ብንሸጣት 200 ሺህ የሚሰጠን ካገኘን ዕድለኞች ነን። እና ማንም «አሮጌ ሞተር አድሼ አተርፋለሁ» ብሎ እንዳይነሳ። የሚያተርፈው ደላላውና ቀለም ቀቢው ነው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ 41 ቅዳሜዎችና አንድ ጉልበት የሉበትም።

ለመግባት ለምታስቡ ምክሬ አጭር ነው። ቀለሟ የሚያብረቀርቀውን ትታችሁ ያልተነካካችውን ዝገታም ግዙ፤ ዝገት ይታያል፣ ስቱኮ ይደብቃል። ሊብሬውን ከቻሲው ጋር አመሳክራችሁ ሳትጨርሱ ቀብድ አትስጡ። ቆሞ የከረመ ሞተር «ይሠራል» ቢባልም ይከፈት። መጠባበቂያችሁ 10 በመቶ ሳይሆን የግዢውን ዋጋ ያህል ይሁን። ከወዳጅ ጋር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ጻፉ፤ ማን ይወስናል፣ እስከ ስንት ብር ብቻውን ይወስናል፣ ጊዜ እንዴት ይቆጠራል። ወረቀት ወዳጅነትን አያጎድልም። እኛን ያጎደለን የወረቀት አለመኖር ነው።

አንድ ነገር ለመምህራን ባልደረቦቼ፣ በተለይ ለሜካኒካል ክፍል። ጋሼ ረዳት የላቸውም። ልጆቹ ኮምፒውተር ያለው መኪና መማር ነው የሚፈልጉት፤ አይፈረድባቸውም። ግን የሚሰነጠቅ ካርተር እንዴት እንደሚበየድ፣ በጆሮ ሞተር እንዴት እንደሚመረመር፣ ፑንቲና በ0.4 ሚሊ ሜትር እንዴት እንደሚስተካከል በሳቸው እጅ ውስጥ ነው ያለው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ቃላት እንኳ በየጋራዡ አፍ እንጂ በመጽሐፍ ተሰብስበው አላየሁም። ጋሼን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ተማሪ ቢላክልኝ አልጠላም ብለዋል። ደብተራቸውንም ኮፒ አድርጉት ብለዋል፤ ሃያ ሰባት ደብተር አለ። የትራንስፖርቱን እኔና ካርታ እንችላለን። ከክፍሉ የሚያስፈልገን አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው። ከዚህ ስብሰባ በኋላ ማንን ማናገር እንዳለብኝ የሚያውቅ ሰው በሻይ ሰዓት ይፈልገኝ።

ለባቾቼ ደግሞ፦ በዚህ አዳራሽ ውስጥ በትንሽ ብር፣ በቀረ ብድር፣ በአንድ ክፉ ቃል የተኳረፋችሁ አላችሁ። ማን እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ሁለቱን ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ፣ በሁለት ጥግ ነው የተቀመጣችሁት። እኔ ለመታረቅ የሰው እናት እስኪሞት ጠብቄያለሁ። እሳቸው ቬስፓዋን ሳያዩ ነው የሄዱት፤ ልጃቸው ጀርባ ላይ ተቀምጠው አንድ ዙር ሊዞሩባት ቃል ገብተን ነበር። ለዚያ የሚሆን መስመር በመዝገቤ ላይ የለም።

ቬስፓዋ በር ላይ ናት። መሞከር የምትፈልጉ ቁልፉ ካርታ ጋ ነው። ሲያስነሳት ራቅ በሉ፣ የመጀመሪያው ጢስ ልብስ ያሸታል።